ስምንት ገጽ አቤቱታ፦ የአልሃጅ ማሊክ አልሸባዝ (ማልኮም ኤክስ) ሕይወት



ማልኮም ኤክስን የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን አለ ብለን አናስብም። ምስሉ በዶርም ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ አጫጭር ንግግሮቹ በየስልካችን ይዘዋወራሉ። ባለፈው ሴሚስተር በሐለቃችን ስለ እሱ ስንወያይ ግን አንድ ነገር ታዘብን። ሁላችንም ያነሳነው ስለ እስር ቤቱ፣ ስለ ሐጁና ስለ አሟሟቱ ነበር። በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመት ከምንም በላይ የደከመበትን ሥራ ያስታወሰ ሰው አልነበረም። ያ ሥራ በአገሩ ፍርድ ያጣውን ሕዝብ ጉዳይ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መውሰድ ነበር። በዚህ ዕትም የሕይወት ታሪኩን ስናቀርብ ያንኑ የተረሳ ሥራ ከፊት አድርገን ነው። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማልኮም ሊትል ሜይ 19 ቀን 1925 በኔብራስካ ግዛት ኦማሃ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኧርል ሊትል የባፕቲስት ሰባኪ ሲሆን እናቱ ሉዊዝ ከካሪቢያን ባሕር ደሴት ከግሬናዳ የመጣች ነበረች። ሁለቱም የማርከስ ጋርቬይ ንቅናቄ አባላት ነበሩ። ይህን የምናነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ጋርቬይ በ1922 ልዑካኑን ወደ ጄኔቫ ልኮ በጊዜው ለነበረው የመንግሥታት ማኅበር የጥቁሮችን አቤቱታ አቅርቦ ነበር። ፍሬ አላገኘበትም። ያ ማኅበር ለተበደለ ምን ያህል እንደሚደርስ እኛ ኢትዮጵያውያን በ1936 በሚገባ አይተነዋል። ያም ሆኖ ልጁ ማልኮም ያደገበት ቤት የጥቁር አሜሪካዊ ጉዳይ ከአሜሪካ ድንበር ውጪም እንደሚነገር የሚያውቅ ቤት ነበር።

ልጅነቱ መከራ የበዛበት ነው። በ1929 ሚሺጋን ውስጥ ላንሲንግ አጠገብ የነበረው ቤታቸው በሌሊት ተቃጠለ። በ1931 አባቱ በከተማ ባቡር ተገጭቶ ሞተ። ፖሊስ አደጋ ነው አለ፤ ቤተሰቡ ግን የነጭ ዘረኞች እጅ አለበት ብሎ እስከ መጨረሻው ያምን ነበር። እናትየው ልጆቿን ብቻዋን ለማሳደግ ታገለች፤ በ1939 ግን አእምሮዋ ታውኳል ተብሎ ሆስፒታል ገባች፤ ከዚያ ሳትወጣም ከ20 ዓመት በላይ ኖረች። ልጆቹ በየሰው ቤት ተበተኑ። ማልኮም በክፍሉ ጎበዝ ተማሪ ነበር። ጠበቃ መሆን እንደሚፈልግ ለአንድ መምህሩ ሲነግረው መምህሩ ይህ ለጥቁር ልጅ የሚሆን ምኞት እንዳልሆነ፣ አናጢነት እንደሚሻለው መከረው። የሆነው ሆኖ ያ ልጅ ኋላ የአንድ ሕዝብ ጠበቃ ሆኖ በመሪዎች ደጃፍ ቆሟል፤ የሕግ ዲግሪ ግን አልያዘም።

ስለ ቦስተንና ሐርለም ዓመታቱ ብዙ ስለተጻፈ አናረዝመውም። በስርቆት ተይዞ በ1946 ከ8 እስከ 10 ዓመት ተፈረደበት። ገና 20 ዓመቱ ነበር። በእስር ቤት መዝገበ ቃላት ከፊደል እስከ ፊደል እየገለበጠ ራሱን አስተማረ። ኖርፎክ የሚባለው እስር ቤት ጥሩ ቤተ መጻሕፍት ነበረውና መብራት ከጠፋ በኋላ እንኳ ከኮሪደር በሚገባው ብርሃን ያነብ ነበር። ፈተና ሲደርስ መብራት ጠፋ ብለን የምናማርር ሰዎች ይህን ስናነብ ትንሽ አፍረናል።

ወንድሞቹና እህቶቹ ወደ ኔሽን ኦፍ ኢስላም ያስገቡት በዚያው በእስር ቤት ሳለ ነው። እዚህ ላይ ግልጽ መሆን አለብን። የኔሽን ኦፍ ኢስላም ትምህርት እኛ ከምናውቀው ተውሒድ የራቀ ነበር። ነጮች በሙሉ ሰይጣን ናቸው ይል ነበር፤ መሪው ኤላይጃ ሙሐመድም መልእክተኛ ተደርጎ ይታይ ነበር። ማልኮም በኦገስት 1952 ከእስር ሲፈታ ይህንን ትምህርት ተሸክሞ ወጣ። የባሪያ አሳዳሪዎች የሰጡትን የቤተሰብ ስም ጥሎ በምትኩ ኤክስ የሚለውን ፊደል ያዘ። በ1954 የሐርለሙ 7ኛ መስጊድ ኃላፊ ሆነ፤ በ1958 ቤቲን አገባ። በ10 ዓመት ውስጥ በአሜሪካ ከሚታወቁት ጥቁሮች አንዱ ለመሆን በቃ።

በነዚያ ዓመታት ከደረሱት ነገሮች አንዱ ከሁሉ በላይ አእምሮውን የቀየረው ይመስለናል። በኤፕሪል 1962 የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች ከመስጊዱ አባላት አንዱን፣ ያልታጠቀውን ሮናልድ ስቶክስን ተኩሰው ገደሉት። ማልኮም ወደዚያው በረረ። የአሟሟቱን ምክንያት እንዲያጣሩ የተሰየሙት ዳኞች በሙሉ ነጮች ነበሩ፤ ግድያው ተገቢ ነው ብለው ወሰኑ። ኤላይጃ ሙሐመድ ደግሞ ማልኮም ጉዳዩን እንዳይገፋበት ያዙት። ፖሊሱ ገዳይ፣ ዳኛው የገዳዩ ወገን፣ የገዛ ድርጅቱ ደግሞ ዝም በል ባይ ሆነ። እንግዲህ አቤት የሚባለው ወዴት ነው?

ከድርጅቱ ጋር የነበረው ቅራኔ እየሰፋ ሄዶ ማርች 8 ቀን 1964 መለየቱን በይፋ ተናገረ። በዚያው ወር 26ኛው ቀን የሲቪል መብቶች ረቂቅ ሕግ ሲከራከሩበት ለማየት ዋሽንግተን ወደሚገኘው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ሄደ። በአዳራሹ መተላለፊያ ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋር ተገናኙና ተጨባበጡ። ሁለቱ በአካል የተገናኙት በሕይወታቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ለአንድ ደቂቃ ያህል። ያ ረቂቅ ሕግ ሲጸድቅ ብዙዎች እፎይ እንዳሉ እናውቃለን። ማልኮም ግን ሌላ ነገር ታይቶት ነበር። ኤፕሪል 3 ቀን በክሊቭላንድ ባደረገው ንግግር ትግሉ የዜግነት መብት እስከተባለ ድረስ የአሜሪካ የውስጥ ጉዳይ ሆኖ እንደሚቀር፣ ሰብአዊ መብት ከተባለ ግን ሌላው ዓለም ሁሉ የመናገር ሥልጣን እንደሚኖረው አስረዳ። የዜግነት መብት የሚሰጠው መንግሥት ነው፤ ስለዚህ ክስ የሚሰማውም ያው መንግሥት ነው። ሰብአዊ መብት ግን ሰው ይዞት የሚወለደው ነው። በአንድ ቃል ለውጥ ተከሳሹን ከዳኝነት ወንበሩ ማስነሳት ፈለገ።

ከ10 ቀን በኋላ ለሐጅ ተነሳ። የጉዞውን ገንዘብ ያበደረችው የአባቱ ልጅ ኤላ ነበረች።

ጅዳ ላይ የገጠመው ነገር ለታሪካችን ስለሚያስፈልግ ትንሽ እንቆይበት። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ፣ ዐረብኛ የማይናገር ሰው ስለነበር የኤርፖርት ሹሞች እውነት ሙስሊም መሆኑን ተጠራጠሩ። ፓስፖርቱን ወሰዱት፤ ጉዳዩም ወደ ሐጅ ፍርድ ቤት ተመራ። ለብዙ ዓመታት በሺዎች ፊት ስለ ኢስላም የተናገረው ሰው ሶላትን በሥርዓቱ አያውቅም ነበር። በሑጃጆቹ ማደሪያ ውስጥ ሌሎችን እያየ ለመስገድ ሞከረ፤ አቀማመጡ ጣቶቹንና ቁርጭምጭሚቱን እንዳሳመመው ኋላ ራሱ ተርኳል። ወረቀቱን የተነጠቀ፣ ቋንቋ የማያውቅ፣ ማንነቱን ሌላ ሰው እስኪያጸድቅለት የሚጠብቅ ሰው ሆነ። ከዚያ ኒውዮርክ ሳለ ዶክተር ማሕሙድ ሸዋርቢ የሰጡት መጽሐፍ ትዝ አለው። የደራሲውን ልጅ የዶክተር ዑመር አዛምን ስልክ ይዞ ነበርና ደወለ። ደራሲው ዐብዱረሕማን አዛም የዐረብ ሊግ የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ የነበሩ ሰው ናቸው። የራሳቸውን የሆቴል ክፍል ለቀው እንግዳውን አሳረፉት። የሐጅ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን መርምሮ ፈቀደለት። አልጋ ወራሽ ፈይሰልም የመንግሥት እንግዳ አደረጉት።

ስለ ሐጁ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ነጭ ሙስሊሞችን አይቶ ልቡ እንደለሰለሰ ብቻ ነው። እርግጥ ነው፣ ከአንድ ሳህን አብሮ በልቷል፤ ሰውን በቆዳው መፍረድ ስህተት መሆኑን ከመካ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ገልጿል፤ አልሃጅ ማሊክ አልሸባዝ የሚለውን ስምም ይዞ ተመለሰ። እኛ ግን ሌላም ነገር የተማረ ይመስለናል። በአገሩ አናሳ የሆነ ሰው ዐረፋ ላይ ሲቆም አናሳ አይደለም። የጥቂቶችን ቁጥር የሚወስነው አጥሩ የት ላይ እንደታጠረ ነው። አጥሩን ብታሰፋው ጥቂቱ ብዙ ይሆናል። ከሐጅ በኋላ ወደ ናይጄሪያ፣ ጋና፣ ላይቤሪያ፣ ሴኔጋል፣ ሞሮኮና አልጄሪያ ሲዞር የያዘው ሐሳብ ይኸው ነበር።

ሜይ 21 ቀን ተመልሶ ጁን 28 ቀን 1964 የአፍሮ-አሜሪካውያን አንድነት ድርጅትን አቋቋመ። ስሙም መተዳደሪያ ደንቡም የተቀዳው ከአንድ ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ ከተመሠረተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ነው።

እዚህ ላይ የሕግ ተማሪ ወንድሞቻችን የነገሩንን ማካፈል ይገባናል። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል ለሰው ሁሉ ዘር፣ ጾታ፣ ቋንቋና ሃይማኖት ሳይለይ መብት እንዲከበር ያዛል። በሌላ በኩል አንቀጽ 2 ንዑስ አንቀጽ 7 ድርጅቱ በአገሮች የውስጥ ጉዳይ እንዳይገባ ይከለክላል። የሰብአዊ መብት ኮሚሽኑም ሥራ በጀመረበት በ1947 ከግለሰቦች በሚደርሰው አቤቱታ ላይ ምንም እርምጃ የመውሰድ ሥልጣን እንደሌለኝ እወቁልኝ አለ። ከየአገሩ ብዙ ደብዳቤ ይጎርፋል፤ ኮሚሽኑ ይመዘግባል፤ በዚያው ያበቃል። ጥቁር አሜሪካውያን ይህን በር አንኳኩተውት ነበር። በ1947 ዱ ቦይስ ያዘጋጀው አቤቱታ ቀረበ። በ1951 ደግሞ ዊልያም ፓተርሰን በፓሪስ፣ ፖል ሮብሰን በኒውዮርክ ሌላ ክስ አስገቡ። ሁለቱም ለውይይት ሳይቀርቡ ቀሩ።

በሩ የሚከፈተው ከሳሹ መንግሥት ሲሆን ነበር። በ1946 ሕንድ በደቡብ አፍሪካ ስለሚኖሩ ሕንዳውያን ጉዳይ ጠቅላላ ጉባኤው ፊት ስትቀርብ ደቡብ አፍሪካ ይህ የውስጥ ጉዳዬ ነው ብላ ተከራከረች፤ ጉባኤው ግን ጉዳዩን አየው። በኖቬምበር 1960 የእኛዋ ኢትዮጵያ ከላይቤሪያ ጋር ሆና ደቡብ አፍሪካን በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ ማለትም በዛሬዋ ናሚቢያ፣ ስለምትፈጽመው በደል በዓለም ፍርድ ቤት ከሰሰች። ማልኮም ይህን አጥንቶታል። ዱ ቦይስና ፓተርሰን የጎደላቸው ማስረጃ አልነበረም። የጎደላቸው አቤቱታውን በስሙ የሚያቀርብ መንግሥት ነበር። በ1947 ነጻ የአፍሪካ አገር በጣት የሚቆጠር ነበር፤ በ1964 ከ30 በላይ ሆነዋል።

በሐለቃው ላይ አንዲት እህት ሙስሊም የሆነ ሰው ፍትሕን ከእንዲህ ያለ ድርጅት መፈለጉ እንዴት ይታያል ብላ ጠይቃ ነበር። አንድ ታላቅ ወንድማችን የመለሰው አጭር ነው፦ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች በመካ ፍርድ ሲያጡ ወዴት ተሰደዱ? ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከነብይነት በፊት የተገኙበትን ሒልፉል ፉዱልን፣ ተበዳይን ለመርዳት የተገባውን ያንን ቃል ኪዳን፣ ከነብይነት በኋላስ አላወደሱትም? ስለ ነጃሺ ምድር እዚህ ግቢ ውስጥ ማስረዳት የሚያስፈልገው ሰው ስለሌለ ወደ ካይሮ እንመለስ።

የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መሪዎች ከጁላይ 17 እስከ 21 ቀን 1964 ካይሮ ላይ ተሰበሰቡ። ማልኮም ከአሜሪካ የተነሳው ጁላይ 9 ቀን ነው። የታዛቢነት ፈቃድ አገኘ፤ በጉባኤው ላይ የመናገር ፈቃድ ግን አላገኘም። ያረፈው ኢሲስ በምትባል አባይ ላይ በቆመች መርከብ ነበር። ገና ነጻ ካልወጡ አገሮች የመጡ የነጻነት ንቅናቄ ተወካዮችም እዚያችው መርከብ ላይ ነበሩ። ማልኮም ቀንና ሌሊት ከእነሱ ጋር ያወራ ነበር። ይህን ስናነብ ደስ አለን። ቀለም እንጂ መንግሥት የሌለው ልዑክ፣ አገር ሳይኖራቸው ለአገር ከሚታገሉት ጋር በአንድ ጀልባ ተሳፈረ።

መናገር ስላልተፈቀደለት ጻፈ። ስምንት ገጽ ነው። ለመሪዎቹ ያላቸው ባጭሩ ይህ ነበር፦ በአሜሪካ ያሉት 22 ሚሊዮን ጥቁሮች ከአፍሪካ የተወሰዱ የእናንተው ልጆች ናቸው፤ ጉዳያቸው የእናንተም ጉዳይ ነው። የደቡብ አፍሪካ ዘረኝነት የውስጥ ጉዳይ አይደለም ካላችሁ የአሜሪካውም አይደለም። ደቡብ አፍሪካን በግልጽ ከሚናከስ ተኩላ፣ አሜሪካን ደግሞ እየሳቀች ከምታታልል ቀበሮ ጋር አመሳሰላቸው። ከአውሮፓ ቅኝ ግዛት አምልጣችሁ በዶላር እንዳትያዙ ብሎም አስጠነቀቀ። በመጨረሻ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ጉዳዩን በተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ፊት ለማቅረብ እንዲረዱት።

ጊዜው ራሱ ምስክር ነበር። የሲቪል መብቶች ሕጉ ጁላይ 2 ቀን ተፈርሟል። ሚሲሲፒ ውስጥ ጁን 21 ቀን የጠፉት ሦስት የመብት ታጋዮች አስከሬን ግን ገና አልተገኘም። ጁላይ 16 ቀን፣ መሪዎቹ ሊሰበሰቡ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የፖሊስ መኮንን ጄምስ ፓወል የተባለ የ15 ዓመት ጥቁር ልጅ ገደለ። ሐርለም በቁጣ ነደደች። ማልኮም የሠፈሩን ዜና የሰማው ካይሮ ሆኖ ነው።

ጉባኤው ምን አለ? በአሜሪካ ስላለው የዘር መድልዎ ውሳኔ አሳለፈ። አዲሱን ሕግ በበጎ ተመለከተው፤ መድልዎው መቀጠሉ ግን በጥልቅ እንደሚያሳስበው ገለጸ። ወደ ተባበሩት መንግሥታት ስለመሄድ አንድም ቃል የለበትም።

ማልኮም ይህን እንደ ድል ነው የተናገረው። እኛ እንደዚያ ለማለት አልደፈርንም። የመሪዎቹን ልብ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ብዙዎቹ የአሜሪካን ስንዴና ብድር ይፈልጋሉ። ከዚያም በላይ የገዛ ድርጅታቸው ቻርተር፣ እዚሁ አዲስ አበባ የፈረሙት፣ አንዱ በሌላው የውስጥ ጉዳይ እንዳይገባ የሚል አንቀጽ አለው። በአሜሪካ ያለው አናሳ በዓለም ፊት መክሰስ ከቻለ በእነሱ አገር ያለውስ አናሳ? ይህ ጥያቄ በአዳራሹ ውስጥ ጮክ ብሎ ባይነሳም ያላሰበው መሪ ነበር ብለን አናምንም። ለሌላው የሚከፈት በር ለራስም ይከፈታል፤ የፈሩት ይህንን ይመስለናል።

አሜሪካ ግን ስምንቱን ገጽ አልናቀችውም። በኦገስት 1964 ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የውጭ ጉዳይና የፍትሕ ሚኒስቴር ሹማምንት ዘመቻውን በትኩረት እየተከታተሉ መሆናቸውን ዘገበ። አንድ የአፍሪካ አገር ብቻ ጉዳዩን ብታነሳ አሜሪካ ከደቡብ አፍሪካ ጎን ልትቆም ነው፤ ስጋቱ ይህ ነበር።

ማልኮም ካይሮ ላይ በጽኑ ታመመ፤ ምግቡ ተመርዟል ብሎ ያምን ነበር። ካገገመ በኋላም ወደ ቤቱ አልተመለሰም። በጠቅላላው ከ4 ወር በላይ ዞረ። አዲስ አበባንም፣ የድርጅቱን የትውልድ ከተማ፣ በዚያ ጉዞ ረግጧል። ኔሬሬን፣ ኬንያታን፣ ኦቦቴን፣ አዚኪዌን፣ ንክሩማንና ሴኩ ቱሬን አግኝቶ አነጋገረ። ሁሉም በክብር ተቀበሉት። አቤቱታውን በስሜ አቀርባለሁ ያለ ግን አልተገኘም። አራት ሴት ልጆቹና ሚስቱ ኒውዮርክ ናቸው፤ የሚኖሩበትን ቤት ኔሽን ኦፍ ኢስላም ልቀቁ ብሎ ከሷል። ለቤተሰቡ ያልተረፈው ጊዜ በዚያ ጉዞ ላይ ነው ያለቀው። ይህንንም ሳንጽፍ ማለፍ አልፈለግንም።

ኖቬምበር 24 ቀን ሲመለስ አንድ ነገር ተከሰተ። በዚያው ቀን የቤልጂግ ፓራሹት ወታደሮች በአሜሪካ አውሮፕላኖች ተጭነው ኮንጎ ውስጥ ስታንሊቪል ላይ ወረዱ። በዲሴምበር ጉዳዩ ወደ ፀጥታው ምክር ቤት መጣ። የአፍሪካ ሚኒስትሮች አንድ በአንድ እየተነሱ አሜሪካ ለኮንጎ ጥቁሮች ሕይወት ያላትን ግዴለሽነት በገዛ አገሯ ጥቁሮች ላይ ከምታደርገው ጋር አያይዘው ወቀሱ። የአሜሪካው አምባሳደር አድላይ ስቲቨንሰን እጅግ ተቆጡ። ያው ጋዜጣ የዚህ ንግግር ምንጭ የማልኮም ጉዞ ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። መደበኛ ክስ አልነበረም፤ በመዝገብ የተያዘ ቁጥርም የለውም። ነገር ግን የሐርለም ሰው ስሞታ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ በመንግሥታት አንደበት ተሰማ።

ከዚያ በኋላ የቀረው ጊዜ ሦስት ወር አልሞላም። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1965 ፈረንሳይ እንዳይገባ ከለከለችው። ፌብሩዋሪ 14 ቀን ሌሊት ቤተሰቡ ተኝቶ ሳለ ቤቱ ላይ ተቀጣጣይ ቦምብ ተወረወረ። እሁድ ፌብሩዋሪ 21 ቀን ኦዱቦን በተባለው አዳራሽ፣ ድርጅቱን በመሠረተበት በዚያው መድረክ፣ ሰላምታ ሰጥቶ ንግግር ሊጀምር ሲል በጥይት ተመታ። ሚስቱና ልጆቹ እያዩ ነበር። 39 ዓመቱ ነው። ቤቲ መንታ ሴት ልጆች በሆዷ ይዛ ነበር። በግድያው ከተፈረደባቸው ሦስት ሰዎች ሁለቱ ንጹሕ መሆናቸውን አንድ የኒውዮርክ ፍርድ ቤት ያወጀው በ2021 ነው፤ አንደኛው ይህን ሳይሰማ ሞቷል።

ገላውን አጥበው በነጭ ከፈን የገነዙት ሱዳናዊው ሸይኽ አሕመድ ሐሱን ናቸው። ፈርንክሊፍ በተባለው የመቃብር ስፍራ ቀባሪ ሠራተኞቹ አካፋቸውን ይዘው ሲጠጉ ወዳጆቹ አስቆሟቸው። አካፋውን ተቀብለው አፈሩን በራሳቸው እጅ መለሱ። አላህ ይዘንለት።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር 21 ቀን ጠቅላላ ጉባኤው ማንኛውንም የዘር መድልዎ የሚያስወግደውን ስምምነት አጸደቀ። አሜሪካ ያጸደቀችው በ1994 ነው። በ1966 የዓለም ፍርድ ቤት የኢትዮጵያንና የላይቤሪያን ክስ ወረወረው። ድምፁ ሰባት ለሰባት ተከፍሎ የፕሬዚዳንቱ ድምፅ ለየው፤ ምክንያቱም ሁለቱ አገሮች በጉዳዩ ሕጋዊ ጥቅም የላቸውም የሚል ነበር። የሰብአዊ መብት ኮሚሽኑ የተወሰኑ አገሮችን በደል በይፋ መመርመር የጀመረው ከ1967 ወዲህ ነው፤ ማልኮም ከሞተ ሁለት ዓመት ቆይቶ።

ስምንቱ ገጾች የጠየቁት ነገር የተደረገው በ2020 ነው። ሜይ 25 ቀን፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በተመሠረተበት ዕለት፣ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ተገደለ። 54ቱ የአፍሪካ አገሮች በቡርኪና ፋሶ አማካይነት ጄኔቫ የሚገኘው የሰብአዊ መብት ምክር ቤት በአስቸኳይ እንዲወያይ ጠየቁ። የሟቹ ወንድም በቪዲዮ ለምክር ቤቱ ተናገረ። የመጀመሪያው ረቂቅ በአሜሪካ ላይ መርማሪ ኮሚሽን እንዲቋቋም የሚጠይቅ ነበር። ከቀናት ድርድር በኋላ ጁን 19 ቀን የጸደቀው ውሳኔ ግን መርማሪ ኮሚሽኑንም የአሜሪካንም ስም አውጥቶ በፖሊስ ስለሚፈጸም ዘረኝነት በጠቅላላው ሪፖርት እንዲዘጋጅ አዘዘ። በ2021 ምክር ቤቱ ጉዳዩን የሚከታተል ነጻ የባለሙያዎች ቡድን አቋቋመ። ቡድኑ በ2023 ወደ አሜሪካ ሄዶ በስድስት ከተሞች የቤተሰቦችን ቃል ተቀበለ። ከስድስቱ አንዷ ኒውዮርክ ነበረች።